ልጅ ለመያዝ ወረቀት? የሲዲኤ ታሪክና እኛ

«ደግሞ ልጅ ለመያዝ ወረቀት?» ይህን ያላልን ከመካከላችን ጥቂቶች ነን። ታናናሾቻችንን አዝለን ያደግን፣ የራሳችንን ወልደን ያሳደግን፣ የጎረቤትን ልጅ ከራሳችን ሳንለይ ያበላን ሴቶች ነን። ዋሽንግተን ዲሲ ስንመጣም ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያገኘነው ሥራ ልጅ መያዝ ነበር። ስለዚህ ከተማው የምስክር ወረቀት ሲጠይቀን እንደ ስድብ ቆጠርነው። የወረቀቱን ታሪክ ስናውቅ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው፤ ለእህቶቻችን ልናካፍለው የወደድነውም ለዚህ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ለሠራተኛ እናቶች ብሎ ለሕፃናት መዋያ በብዛት ገንዘብ ያወጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ወንዶቹ ሲዘምቱ ሴቶቹ ፋብሪካ ገቡ፤ ላንሃም በተባለው ሕግ በተገኘ ገንዘብም መዋያዎች ተከፈቱ። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ገንዘቡ ቆመ፤ አብዛኞቹም መዋያዎች ተዘጉ። ሥራ ያላቆሙ እናቶች ግን ልጃቸውን የሚይዝላቸው ሰው መፈለጋቸው አልቀረም።

እ.ኤ.አ. በ1965፣ በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን፣ የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ለትምህርት የሚያዘጋጀው ሄድ ስታርት ተጀመረ። በመጀመሪያው ሰመር ብቻ ከ500,000 በላይ ሕፃናት ገቡበት። ለዚህ ሁሉ ልጅ ብዙ ሠራተኛ ስለሚያስፈልግ የልጆቹ እናቶች ራሳቸው ጭምር ተቀጠሩ። ሴቶቹ ሥራውን ያውቁታል፤ ማወቃቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ግን በእጃቸው አልነበረም።

ለዚህ መፍትሔ ከፈለጉት ሰዎች ዋነኛው የየል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ኤድዋርድ ዚግለር ነበሩ። በ1971 የፌደራሉን የሕፃናት እድገት ቢሮ ሲመሩ ሲዲኤ የተባለው የምስክር ወረቀት ሥራ ተጀመረ። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ ሴትየዋ ስንት ዓመት ኮሌጅ ተቀመጠች ከማለት ይልቅ ከልጆች ጋር ስትውል ምን ታደርጋለች ተብሎ ይታይ፤ ሥራዋ ላይ ሳለች ትመዘን። የመጀመሪያው ወረቀት በ1975 ተሰጠ። እንግዲህ እኛ እንደ ስድብ የቆጠርነው ወረቀት መጀመሪያ የታሰበው እንደ እኛ ላለች ሴት በር ለመክፈት ነበር።

በዚያው በ1971 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የሕፃናት መዋያን በመላው አገሪቱ ለማስፋፋት የወጣውን ሕግ አልፈርምም አሉ። አገር አቀፍ ሥርዓት ሳይቆም ቀረ፤ የፈቃድ አሰጣጡም በየስቴቱ ተለያየ። ዛሬ ከዲሲ ወደ ሜሪላንድ ወይም ወደ ቨርጂኒያ የምትሻገር እህታችን ሌላ ደንብ የሚጠብቃት ለዚህ ነው።

በዲሲ ታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. አዲስ ደንብ ወጣ። በሕፃናት መዋያ ረዳት የሆነችና በቤቷ ልጆች የምትይዝ ሲዲኤ፣ የመዋያ መምህርት ደግሞ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ እንዲኖራት ተጠየቀ። እዚህ ላይ ወረቀቱ መልኩን ለወጠ፤ በር መክፈቻ የነበረው የሌላትን የሚያስቀር ሆነ። በ2018 አንዲት በቤቷ ልጆች የምትይዝ ሴት ከሌሎች ጋር ሆና ከተማውን ከሰሰች፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በ2022 ደንቡን አጸናው። በመካከሉ የጊዜ ገደቡ ተራዝሟል፤ ሳያቋርጡ 10 ዓመት የሠሩም ከግዴታው ነፃ እንዲሆኑ ማመልከት ተፈቅዶላቸዋል።

ከመካከላችን አንዲት እናት ይህ አልደረሳትም። ደንቡ ሲወጣ ከ10 ዓመት በላይ በቤቷ ልጆች ስትይዝ ቆይታ ነበር። «በዚህ ዕድሜዬ ፈተና ልቀመጥ?» ብላ ፈቃዷን መለሰች። ማመልከት እንደሚቻል ስንሰማ እሷ ሥራውን ትታ ቢሮ ማጽዳት ጀምራ ነበር። በዚህ ውስጥ የእኛም ጥፋት አለበት። ቡና ላይ ተሰብስበን ደንቡን ስናማ ከረምን እንጂ ቁጭ ብለን አላነበብነውም፤ አላነበብንላትምም።

አሁን ግን ከማኅበራችን ወረቀቱን የያዙ እህቶች አሉ። የሚጠየቀው የ120 ሰዓት ሥልጠና፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከልጆች ጋር የተሠራ 480 ሰዓት፣ የሥራ ማኅደር፣ ሥራ ላይ ሳሉ መታየትና ፈተና ነው። በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ያለፉት እንደሚነግሩን የሚከብደው የልጆቹ ነገር ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው። ጥቅሙም ይታያል፤ ከተማው በ2022 የመዋያ ሠራተኞችን ደመወዝ ለማስተካከል ገንዘብ መድቦ ረዳቶች እስከ 10,000፣ መምህራን እስከ 14,000 ዶላር ተቀብለዋል።

ኮሌጅ ለመግባት አቅምም ጊዜም የሌላት እናት ስለ ዲግሪው ብታማርር እውነት አላት። የወረቀቱ የመጀመሪያ ሐሳብ እጅን መመዘን እንደነበር በየስብሰባው ማስታወስ የእኛ ፋንታ ነው። እስከዚያው የ12ኛ ክፍል ማስረጃችሁን ከአገር ቤት አስመጡ፤ አስተርጉማችሁም ያዙ። ደንብ ሲለወጥ የሰማችም ለብቻዋ አትያዘው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የአንዷ እናት ቤት ሳናውቅ ተዘግቷል፤ ሁለተኛ እንዳይደገም አብረን እናንብብ።