ክብደቱ ያስቀረው መድፍ

የጦር መሣሪያ አገልግሎት በጦርነቱ ማብቂያ አይፈጸምም። የተኩሱ ዘመን ካለፈ በኋላ በቤተ መዘክር ይቀመጥና ምስክር ይሆናል። ምስክርነቱ ግን እንደ ማናቸውም ምስክርነት ሁሉ ጥያቄ ያስነሣል። ዕቃውን ማን አመጣው? ከየት አመጣው? የሚናገረውስ ስለ ማን ነው? ከጦር ሜዳ ተነሥቶ ወደ ቤተ መዘክር የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ድል አድራጊው ሊሸከመው የቻለው ነገር ነው። ዘውድና ብራና፣ ሰይፍና ጋሻ በበቅሎ ይጫናሉ፤ በገደል ላይ የተቀደደ መንገድ፣ የብረት ማቅለጫ ምድጃና የሺህ ሠራተኞች ላብ ግን አይጫኑም። በዚህም ምክንያት በብዙ የጦርነት ቤተ መዘክሮች ውስጥ የጌታው ጌጥ ሲታይ የሠራተኛው ድካም ሳይታይ ይቀራል። ለዚህ እውነት ከመቅደላ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ዐፄ ቴዎድሮስ አገራቸውን ለማጠንከር ከሁሉ አስቀድመው የተመኙት የእጅ ጥበብን ነበረ። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የተቋቋመው የሥራ ስፍራ የዚህ ምኞት ውጤት ነው። በዚያ የሠሩት አውሮፓውያን፣ ዋልድማየርና ባልንጀሮቹ፣ ከስዊስ አገር ወንጌል ለመስበክ የመጡ የእጅ ሙያተኞች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲያፈሱላቸው ባዘዟቸው ጊዜ ሙያውን እንደማያውቁት ተናግረው ነበር፤ ሆኖም ትእዛዙ ጸና። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ምድጃው እንደገና ተሠራ፤ ሥራውም በመጨረሻ ተሳካ። በአጠገባቸውም ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አፈር አቡክተዋል፣ ከሰል አክስለዋል፣ ወናፍ ነፍተዋል፣ ቅርጽ አውጥተዋል። የአውሮፓውያኑ ስም በመጻሕፍት ተመዝግቦ ሲገኝ የኢትዮጵያውያኑ ስም ግን ከጥቂቶች በቀር አልተጻፈም።

የጋፋት ሥራ ሁሉ ዘውድ የሆነው «ሴባስቶፖል» ተብሎ የተሰየመው ታላቁ መድፍ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 በክሪምያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ከተማ የተወሰደ ነው። አፈሙዙ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር ሲሆን ክብደቱ ወደ 7 ቶን እንደሚደርስ ይነገራል። እንዲህ ያለውን ክብደት ማቅለጥና ማፍሰስ በራሱ ከባድ ሥራ ነበረ። ከዚህ የበለጠ የከበደው ግን መድፉን ከተሠራበት ቦታ ማንቀሳቀስ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው መድፎቻቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። በቀጥታ መስመር ቢለካ ርቀቱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ጉዞው ግን ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ይህም በአማካይ በቀን 1 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። አኃዙ ስንፍናን ሳይሆን የመሬቱን አስቸጋሪነት ይመሰክራል። የጅጣና የበሽሎ ሸለቆዎች እጅግ ጥልቅ ከመሆናቸው የተነሣ ለእግረኛም ያስፈራሉ። ጎማ ያለው ጋሪ የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ ሠራዊቱ መንገዱን እየቀደደ መድፉን ይጎትት ነበር። በቁልቁለቱ መድፉ ተንሸራትቶ ሰው እንዳይፈጅ ከኋላ በጠፍር ወጥሮ መያዝ፣ በዳገቱ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ ድምፅ መሳብ ነበረበት። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ መሬት እየቆፈሩ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ እንደነበር አብረዋቸው የተጓዙ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ሠራዊታቸው በዚያን ጊዜ በመክዳትና በረኃብ ተመናምኖ፣ የሚያልፉበትም አገር ሸፍቶባቸው ነበረ።

በሌላው በኩል ከቀይ ባሕር ጠረፍ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር እንደዚሁ በምህንድስና ላይ ተመሥርቶ ይጓዝ ነበረ። አዛዡ ሰር ሮበርት ናፒየር በሙያቸው መሐንዲስ ነበሩ። በዙላ መርከብ የሚራገፍበት መድረክ ተሠራ፤ ወደ ተራራው ግርጌም የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ከሕንድ 44 ዝሆኖች መጡ። 13,000 ያህል ወታደር ያሰለፈው ይህ ጦር ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ተራራማ መንገድ አቋርጦ ጅጣ ሲደርስ ገደሉን የወረደውና የወጣው በገዛ ጠላቱ መንገድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያስቀደዱትን መንገድ የእንግሊዝ መኮንኖች አይተው ተደነቁ። ስለዚያ መንገድ ከተሰጡት ምስክርነቶች ሁሉ የበለጠው ይህ የባላጋራ ባለሙያ ምስክርነት ሊሆን ይችላል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ ሁለቱ ወገኖች በእሮጌ ተገናኙ። የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ በዚያው ዘመቻ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ የተፈተነ መሣሪያ ነበረ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል መሞታቸው ሲነገር፣ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። በአንድ የሥራ ስፍራ በትግል የተገኘ መድፍና በፋብሪካ በብዛት የተመረተ ጠመንጃ የተለያዩበት ርቀት በዚህ አኃዝ ውስጥ ይነበባል። በሦስተኛው ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ አምባው ሲያዝ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን ሠዉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በቤተ መዘክሮች ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ወረደና በሐራጅ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር አብሮ ስለ ዘመተ ለቤተ መዘክሩ ዕቃ ገዛ። የብራና መጻሕፍቱ፣ የወርቁ ዘውድ፣ ጽዋውና ታቦታቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተወሰደ። ሴባስቶፖል ግን እዚያው በመቅደላ ቀረ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ይገኛል። ያስቀረው ክብደቱ ነው።

የሄዱት ዕቃዎች በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ለመቶ ዓመት ተኩል ታይተዋል። የሚናገሩት ግን በአብዛኛው የወሰዳቸውን ጦር ታሪክ ነበረ። የእንግሊዝን ወታደር አገልግሎት ለመዘከር የተቋቋመው፣ በሎንዶን የሚገኘው የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ከዐፄ ቴዎድሮስ አስከሬን የተቆረጠ ጉንጉን ጠጉር ሳይቀር ያኖር ነበረ። ለአንዱ ሕዝብ የዘመቻ ማስታወሻ የሆነው ነገር ለሌላው ሕዝብ ሳይቀበር የቀረ የንጉሡ የአካል ክፍል ነው። ይህ ቤተ መዘክር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ጠጉሩን ለኢትዮጵያ መመለሱ ዕቃው የማን ትዝታ ነው ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ ነበረ። ዘውዱና አብዛኛው ብራና ግን አልተመለሱም።

የዕቃው መመለስ ተገቢና አስፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገ ቢመለስ እንኳ የመቅደላ ትዝታ ሙሉ አይሆንም። የዘውዱ መመለስ መድፉን ስለ ጎተቱት ሰዎች ምንም አይነግርም። የእነርሱ መዝገብ ከማንም ሳይዘረፍ፣ ከማንም ሳይጠየቅ በአገር ውስጥ ያለ ነው። ይኸውም መድፉ ራሱ፣ የጋፋት አፈርና የመንገዱ ዱካ ነው።

በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የመድፉ ምስል ቆሞ ለብዙ ዘመን አላፊ አግዳሚው ሲያየው ኖሮአል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ ተከፍቶአል። ጦርነትን የሚዘክር ሕንጻ በመናገሻው ከተማ መቆሙ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ምስል የሚያስተምረው ዋናው ሲጠና ነው፤ የመታሰቢያ አዳራሽም የሚሞላው ከየአምባውና ከየሸለቆው በተሰበሰበ እውቀት ነው። የመድፉ የግድግዳ ውፍረት፣ የነሐሱ ቅይጥ፣ ሲፈስ የቀሩበት እንከኖች በትክክል ቢመረመሩ የጋፋት ሠራተኞች ምን ያህል ሙቀት እንዳገኙና ምን እንዳስቸገራቸው ይናገራሉ። የመንገዱ ዱካ በቅየሳ ቢነሣ፣ የዳገቱ ልክና የመታጠፊያው ስፋት ቢለካ፣ ስንት ሰው እንደ ጎተተና በምን ዘዴ እንደ ጎተተ ለማስላት ይቻላል። በአካባቢው ሽማግሌዎች ዘንድ የሚነገረው ትውፊትም ከልኬቱ ጎን ቢጻፍ ስም የሌለው ድካም ቢያንስ መልክ ያገኛል።

ይህን ሥራ የታሪክ ሊቅ ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። ብረት ማንበብ የሚችል፣ መሬት መለካት የሚያውቅ፣ ሸክምንና ኃይልን የሚያሰላ ባለሙያ ያስፈልገዋል። መድፉ በክብደቱ ምክንያት ከዝርፊያ ተርፎአል፤ ከዝናብና ከመረሳት ግን ክብደቱ አያድነውም። መንገዱንም በየክረምቱ ጎርፍ እየሸረሸረው፣ ገበሬም እያረሰው ይሄዳል። በመቅደላ የቀረው ቅርስ ወራሪው ሊሸከመው ያልቻለው ነው፤ ለትውልድ የሚተላለፈው ግን ለክቶ፣ ነድፎና ጽፎ የሚያኖረው ሰው ሲገኝ ብቻ ነው።