ኮላው አልላቀቅም ሲል፦ አሮጌ ስኪ እንዴት ወንበር ሆነ?

የዛሬው ወሬያችን ስለ ወንበር ነው። አትደንግጡ፣ ስለ ሥልጣን ወንበር አይደለም። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች በየደጃፉና በየጓሮው ስለሚታየው፣ ከአሮጌ ስኪ ስለሚሠራው ባለ ብረት እግር ወንበር ነው። ስኪ ማለት በረዶ ላይ ለመንሸራተት እግር ላይ የሚታሰረው ረጅም ጣውላ መሳይ ነገር ነው። በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ቱሪን ላይ ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ወክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሎምፒክ ሲወዳደር እግሩ ላይ ያያችሁት ማለት ነው። የሱ ግን ቀጭኑ ዓይነት ስለሆነ ለወንበር ብዙም አይመችም።

ብዙ ሰው ይህን ወንበር ሲያይ «ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ!» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን እላለሁ፦ ስኪ ወንበር የሚሆነው ሌላ ምንም መሆን ስላቃተው ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1924 ስዊድን ውስጥ ካልቭትሬስክ ላይ የተገኘው ስኪ 5,200 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ እንጨት ነው። ከዚያም በኋላ ለሺህ ዓመታት እንጨት ሆኖ ቆየ። የእንጨት ስኪ ሲያረጅ ምድጃ ይገባል፣ አለዚያ አጥር ይሆናል። በቃ።

ነገሩን የለወጠው ሃዋርድ ሄድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ባልቲሞር ውስጥ ግሌን ማርቲን በተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። በ1947 ቬርሞንት ውስጥ ስቶው ወደሚባል ቦታ ስኪ ሊሞክር ሄደና ሲወድቅ ሲነሳ ዋለ። እኔና እናንተ ብንሆን «አልቻልኩበትም» ብለን ወደ ቤታችን እንመለስ ነበር። ሰውየው ግን ጥፋቱን በእንጨቱ ላይ ጣለ! አውሮፕላን ከአሉሚኒየም እየተጣበቀ ሲሠራ ስኪ ስለምን ከእንጨት ይሆናል አለ።

በካርታ ጨዋታ ያሸነፈውን 6,000 ዶላር ይዞ ሥራውን ለቀቀ። አሠራሩን ስሙልኝማ፦ ተደራራቢውን አሉሚኒየም ኮላ ቀብቶ የጎማ ከረጢት ውስጥ ይከታል፤ አየሩን በአሮጌ ማቀዝቀዣ ሞተር ይመጠዋል፤ ከዚያ ከመኪና ሞተር በተቀዳ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ይቀቅለዋል! መጀመሪያ ወደ ስቶው የወሰዳቸው 6 ጥንድ ስኪዎች ሁሉም ተሰበሩ። ሦስት ዓመት ሲሠራና ሲሰበርበት ቆይቶ በ1950 ተሳካለት። መሃሉ እንጨት፣ ከላይና ከታች አሉሚኒየም፣ ጠርዙ ብረት፣ መንሸራተቻው ፕላስቲክ። ዋጋው 85 ዶላር። ለመዞር በጣም ስለሚቀል «አጭበርባሪው» የሚል ቅጽል ወጣለት። በ1969 ኩባንያውን በ16 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ስኪውን ጎበዝ ያደረገው ያ ኮላ ነው። በኋላ ፋይበርግላስና ኢፖክሲ ሲጨመሩበት ደግሞ ጭራሽ የማይፈታ ሆነ። ኢፖክሲ አንዴ ከደረቀ እንደ ፕላስቲክ ባልዲ ቀልጦ እንደገና አይሠራም። አሉሚኒየሙን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ፣ እንጨቱን ለብቻ መልሶ ማውጣት የሚያወጣው ወጪ ከሚገኘው ይበልጣል። ማገዶ እንዳይሆን ጭሱ መርዝ ነው። ሂሳቡ ለቆሻሻ መጣያው ተላለፈ።

በ1993 ደግሞ የስሎቬኒያው ኤላን ወገቡ የገባ፣ ጫፍና ጫፉ የሰፋ ስኪ አወጣ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 2 ሜትር የሚደርሰው ቀጥ ያለው የድሮ ስኪ የሚገዛው አጣ። በየጋራዡ ተከመረ።

ወንበሩስ? የወንበሩ መልክ ከስኪ ክምሩ ይቀድማል። በ1903 ኒውዮርክ ግዛት፣ ዌስትፖርት ውስጥ ቶማስ ሊ የሚባል ሰው ከጣውላ ጀርባው ጋደል ያለ፣ ክንድ ማስደገፊያው ሰፊ የሆነ የደጅ ወንበር ሠራ። ለክረምት ሥራ እንዲሆነው ብሎ ሃሪ በነል ለሚባል አናጢ ወዳጁ ሰጠው። ወዳጅ ሆዬ በ1905 የፈጠራ መብቱን በራሱ ስም አወጣ! (እንዲህ ያለ ወዳጅ ለማንም አይስጥ።) ዛሬ አዲሮንዳክ የሚባለው ወንበር ይኸው ነው። ጣውላውን አውጥታችሁ ስኪ ተኩበት፤ የስኪ ወንበር ሆነ።

ብረቱ የመጣው ግን ለውበት አይደለም። ስኪ የተሠራው እንዲተጣጠፍ ነው፤ ጫፎቹ ስስ፣ መሃሉ ወደ ላይ የቀሰተ። ብቻውን ሰው ተሸከም ቢሉት ይለምጣል። ስለዚህ ክብደቱን ከቱቦላሬ የተበየደ እግርና ወገብ ይሸከማል፤ ስኪው መቀመጫና መደገፊያ ብቻ ይሆናል። ብየዳው ቀድሞ ማለቅ አለበት፣ ስኪው ከታሰረ በኋላ እሳት ከቀረበው ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ማሰሪያው በብሎንና በዳዶ ነው። የእንጨት መጋዝ ጠርዙ ላይ ይበላሻል፤ በግራይንደር ሲቆረጥ ደግሞ የፋይበርግላሱ ብናኝ ለሳንባ ክፉ ስለሆነ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ቫርኒሽ ካልተቀባ ዝናብ ገብቶ መሃሉን ያበሰብሰዋል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ የብረት ጠርዙን በሞረድ ማደንዘዝ ግድ ነው፤ በረዶ እንዲቆርጥ ተብሎ የተሳለ ነው።