ማር ይስሐቅና የንባቡ ምስጢር

በገዳማቶቻችን የመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ በተዘረጋ ጊዜ የማር ይስሐቅ ስም ሳይነሣ አይቀርም። መጽሐፉ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር ሦስተኛ ሆኖ በግዕዝ ይነበባል፤ በአማርኛም ይተረጐማል። ይሁን እንጂ ስሙን የምናውቀውን ያህል ሕይወቱን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ታሪኩን ብንመረምር ግን፥ ቅዱስ መጽሐፍን ማንበብ ለነፍስ መጠጊያ የሚሆነው እንዴት እንደ ሆነ እንረዳለን።

ይስሐቅ የተወለደው በ7ኛው መቶ ዓመት፥ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳር፥ ዛሬ ቀጠር በምትባለው አገር አካባቢ ነው። ዘመኑ የሁከት ዘመን ነበር። የፋርስ ሳሳናውያን መንግሥት በ651 ዓመት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ፈጽሞ ወድቆ ምድሪቱ በዐረቦች እጅ ገብታ ነበር። የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ በ676 ዓመት ግድም ይስሐቅን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። እርሱ ግን በመንበሩ ከአምስት ወር በላይ አልተቀመጠም፤ ሹመቱን ትቶ ዛሬ በኢራን ወደሚገኙት ወደ ኩዚስታን ተራሮች መነነ።

በኋላም በራባን ሻቡር ገዳም ሲኖር፥ መጻሕፍትን አብዝቶ ከመመልከቱና ከተጋድሎው ጽናት የተነሣ የዓይኑ ብርሃን ጠፋ። መነኮሳቱም ትምህርቱን ከአፉ እየሰሙ ይጽፉለት ጀመር። በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ያስተማረውን ዐይነ ስውር ሊቅ በማሰብም «ሁለተኛው ዲዲሞስ» አሉት።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ንባቡ በፊደል ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ፥ ይስሐቅ ዓይኑ በጠፋበት ቀን ሀብቱን ሁሉ ባጣ ነበር። እርሱ ያስተማረው ንባብ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። የመጽሐፍ ምስጢር በጸሎት ቁልፍነት ካልተከፈተ በቀር በሊቅነት ብቻ እንደማይገኝ፥ ወደ መንግሥተ ሰማያት የሚያወጣውም መሰላል በሰው ነፍስ ውስጥ ተሰውሮ እንደሚኖር ያስተምራል። መምህራኖቻችንም ይህን መንገድ ንጽሐ ሥጋ፥ ንጽሐ ነፍስ፥ ንጽሐ ልቡና ብለው በሦስት ማዕርግ ይተነትኑታል። ስለዚህ መንበሩን በፈቃዱ፥ ዓይኑን ያለ ፈቃዱ ያጣው ሰው መጠጊያውን አላጣም፤ ቃሉ አስቀድሞ ከብራና ወደ ልቡ ተሻግሮ ነበርና።

ይስሐቅ የነበረባት ቤተ ክርስቲያን ከግሪኮችም ከእኛም ጋር በሃይማኖት አንድነት አልነበራትም። ይሁን እንጂ በኢየሩሳሌም አቅራቢያ ያሉ የማር ሳባ ገዳም መነኮሳት መጽሐፉን ወደ ግሪክ ቋንቋ መለሱት፤ በዐረብኛ በኩልም ወደ ግዕዝ ደረሰ። የተጠማ ልብ የውሃውን እንጂ የማሰሮውን አገር አይጠይቅም።

ይህን ስንጽፍ እያንዳንዱ ሰው ሥራውን ትቶ ወደ ተራራ ይውጣ ማለታችን አይደለም። በየዕለቱ የምናነበውን ቃል በልባችን ካላሳደርነው፥ መብራቱ በጠፋ ጊዜ ምን ይቀርልናል? ብለን ራሳችንን እንድንጠይቅ ነው።