አምባሰል፦ የዜማው አመጣጥና የስያሜው ታሪክ

አምባሰል በአማርኛ ሦስት ነገሮችን የሚያመለክት ስም ነው። በደቡብ ወሎ ዞን የሚገኝ ተራራማ አካባቢና ወረዳ መጠሪያ ነው፤ አዝማሪዎች በማሲንቆ እያጀቡ ሲያዜሙት የኖረ የነባር ዘፈን ርዕስ ነው፤ ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች የአንዱ ስያሜም ነው። ሦስቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው በድምፅ ቅጂ፣ በቅርስ ምዝገባና በማኅደር ሥራ ላይ ለመደናገር በር የሚከፍት በመሆኑ የስያሜውን አመጣጥ ለይቶ መመልከት ተገቢ ይሆናል።

ከሦስቱ ቀዳሚው ቦታው ነው። አምባሰል በጥንታዊቷ ግሸን ማርያም የሚታወቅ፣ ገዥዎቹም «ጃንጥራር» በሚል የማዕረግ ስም ይጠሩበት የነበረ አገር ነው። የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከእነዚሁ ገዥዎች አንዱ ነበሩ። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው ውል ስሙን ያገኘባት ውጫሌም የምትገኘው በዚሁ ወረዳ ነው።

የቦታው ስም ከምን እንደመጣ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «አምባ» ከሚለው ቃልና በዐረብኛ ማር ማለት ከሆነው «አሰል» የተገኘ ነው የሚለው ትንታኔ ነው። ወሎ አማርኛና ዐረብኛ በቅርብ የተገናኙበት፣ የአካባቢው ገደልም የንብ መኖሪያ በመሆኑ ትንታኔው ለጆሮ ይጥማል። ይሁን እንጂ ከስም የሚነሣ እንዲህ ያለ አፈታት ብዙውን ጊዜ ከስሙ በኋላ የሚፈጠር ስለሆነ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ አፈ ታሪክ መያዙ ይመረጣል። ለዜማው ጥናት የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፤ በዘፈኑ ግጥሞች ውስጥ በገመድ ወደ ገደል የሚወርድ ማር ቆራጭ ደጋግሞ ይነሣል። ገመዱን ከላይ የያዘው ሰው ታማኝነት የወራጁን ሕይወት የሚወስን ነውና ምስሉ በግጥሙ የአደራና የክህደት ምሳሌ ሆኖ ያገለግላል። የቦታው ስም የዘፈኑ ርዕስ የሆነውም ቦታው በግጥሙ ውስጥ ስለሚጠራ ብቻ ሳይሆን የዘፈኑ ፍሬ ነገር ከዚያ ገደል ስለሚነሣ ነው ለማለት ይቻላል።

የዘፈኑ ርዕስ የቅኝት ስም የሆነበት መንገድ ከመሣሪያዎቹ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ማሲንቆ በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ገላ ያለው፣ ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ ክር የሚጮህ፣ ክሩም በደጋን የሚገዘገዝ መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ በመቃኛው የሚያደርገው ክሩን ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ማስማማት ብቻ ሲሆን የትኛው ቅኝት እንደሚጫወት የሚወስኑት በክሩ ላይ የሚያርፉት ጣቶቹ ናቸው። ክራር ግን ከቅኝት ወደ ቅኝት ሲሸጋገር ክሮቹ እንደገና መጥበቅና መላላት አለባቸው። ስለዚህ አብረው የሚጫወቱ ሰዎች አስቀድመው መግባባት ነበረባቸው፤ «በአምባሰል ቃኘው» ማለት ክሮቹን ሁሉም እንደሚያውቀው እንደዚያ ዘፈን አዘጋጅ ማለት ነው። «ቅኝት» የሚለው ቃል ራሱ የወጣው «ቃኘ» ከሚለው ግስ ነው።

ባቲም በተመሳሳይ መንገድ የሰኞ ገበያዋ ከምታወቀው የወሎ ከተማ ስሙን ሲያገኝ፣ ትዝታ ከስሜት፣ አንቺሆዬ ደግሞ ሴትን ከመጥራት የመጡ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ የቦታ ስሞች መሆናቸው በዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርት ውስጥ ሳይቀር አካባቢው የያዘውን ሥፍራ ያሳያል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ እነዚህን ቅኝቶች በጥናት ካስተዋወቁት ምሁራን መካከል ይጠቀሳሉ።

በድምፆቹ አደራደር ረገድ አምባሰል ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ሆኖ ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ለዘፈኑ የተለየውን የሐዘን ቃና የሚሰጠው በዋናነት ይህ ጠባብ እርምጃ ነው። ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው አምባሰልና ማይነር ትዝታ በአንድ ዓይነት አምስት ድምፆች ሊዋቀሩ የሚችሉ መሆናቸው ነው። ልዩነቱ ማረፊያው ላይ ነው፤ በማይነር ትዝታ አራተኛ የሆነው ድምፅ በአምባሰል መነሻና ማረፊያ ይሆናል። ድምፆቹን ብቻ ቆጥሮ የሚመዘግብ ሰው አንዱን በሌላው ስም ሊጽፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መለየት የሚቻለው ዜማው የት እንደሚያርፍ እስከ መጨረሻው በመስማት ነው።

የዜማው ደራሲ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በቅጽ ላይ ሲቀርብ ትክክለኛው መልስ «የሕዝብ ዜማ» የሚለው ነው። አዝማሪ ግጥሙን በቦታው ለተገኘው ሰው እንደሚስማማ እየለወጠ የሚያወርድ በመሆኑ አንድ የጸና ቅጂ የለም። ማሪቱ ለገሰን የመሳሰሉ የወሎ ድምፃውያን ዜማውን በመላ አገሪቱ እንዲታወቅ አድርገዋል፤ ይህ ግን ዜማውን የእነርሱ ድርሰት አያደርገውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችና ለድምፅ ሪኮርዲንግ ፕሮዲውሰሮች መብት ሰጥቷል፤ ሆኖም አንድን ነባር ዜማ የተጫወተ ሰው የሚያገኘው መብት በራሱ ክዋኔ ላይ እንጂ በዜማው ላይ አይደለም። በሌላ በኩል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዑዝነት የሌላቸውን ቅርሶች ጭምር የሚመለከት ሲሆን፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ በ2006 የዩኔስኮን የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነት አጽድቃለች።

ስለሆነም አንድ ቅጂ «አምባሰል» ተብሎ ብቻ ሲመዘገብ ዘፈኑ ነው፣ ቅኝቱ ነው ወይስ የተቀዳበት ቦታ የሚለው ጥያቄ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ ሁሉ የአምባሰል ዘፈን አይደለም፤ በአምባሰል ወረዳ የተቀዳ ዘፈንም በባቲ የተቃኘ ሊሆን ይችላል። ርዕስ፣ ቅኝትና ቦታ በሦስት የተለያዩ ረድፎች ሲጻፉ፣ የተጫዋቹ ስም፣ መሣሪያውና የተቀዳበት ቀን ሲታከልበት ካርዱ ምን እንደያዘ ኋላ የሚመጣው ባለሙያ ቅጂውን ከመስማቱ በፊት ሊያውቅ ይችላል።