ባቡር ወደ አራዳ፤ ስለ ሐዲድ መሻገሪያ አጭር ጥናት

ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አራዳ ግን በዚያን ዘመን የከተማው ዋና ገበያ ሆኖ ሳለ፣ ሐዲድ ሳይደርሰው 99 ዓመት ቆየ። የከተማው ቀላል ባቡር በምኒልክ አደባባይ ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከለገሃር ወደ አራዳ ያለውን አቀበት በእግሩ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ የምንመረምረው ግን አቀበቱን ሳይሆን ሐዲድ ከሐዲድ የሚገናኝበትን ቦታ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. በሰጡት ውል መሠረት የተሠራው የጂቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። የከተማው ባቡር ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። አዲሱ መሥመር በለገሃር በኩል ቢያልፍም በ435 ሚሊ ሜትር ልዩነት ምክንያት የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም።

ነገሩን ለመረዳት፣ የትንንሽ ባቡር ሠሪዎች በሚሠሩበት በ1 ለ87 መጠን ሐዲዶቹን በወረቀት ላይ ነደፍን። አዲሱ 16.5 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ አሮጌው 11.5 ያህል፣ ሠሪዎቹም ለዚህ 12 ይጠቀማሉ። ቀጥሎም ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት መሥመሮችን አገናኘን። በመካከላቸው 4 ሜትር ቢኖርና መሻገሪያው በየ9 ሜትሩ 1 ሜትር ቢያዘነብል፣ 36 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። በየ6 ሜትሩ ቢሆን 24 ሜትር ይበቃዋል፤ ነገር ግን ባቡሩ ቀስ ብሎ ማለፍ አለበት። ከሁለቱም መሥመሮች መሻገር ሲያስፈልግ እንደ መቀስ የተጠላለፈ ይሆናል፤ አራት መቀየሪያዎችና በመካከሉ አንድ መስቀል አለው። ሐዲድ ሐዲድን በሚቆርጥበት ሁሉ ለመንኰራኵሩ ከንፈር ክፍተት መተው ግድ ነው፤ መንኰራኵሩም እዚያ ላይ ስለሚመታ ብረቱ ቶሎ ያልቃል።

ንድፉን ወደ ከተማው ስንመልሰው ዋናው ነገር ተገለጠልን። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውና ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚደርሰው መሥመር፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሐዲድ ላይ ይጓዛሉ። ለምሳሌ እያንዳንዱ መሥመር በየ6 ደቂቃው ባቡር ቢልክ፣ በጋራው ሐዲድ ላይ በየ3 ደቂቃው አንድ ባቡር ያልፋል። እንግዲህ ከአያት የመጣው ስታዲየም ላይ ቢዘገይ፣ ከቃሊቲ ወደ አራዳ የሚወጣው ይጠብቃል፤ በአራዳ የቆመው መንገደኛ ግን ምክንያቱን አያይም።

ስለዚህ የአራዳ ባቡር ታሪክ በአራዳ ብቻ አይጻፍም። መሻገሪያን የነደፈ ሰው ማን ማንን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ወስኗል። በእኛ አስተያየት የታሪክ ተማሪ ውልንና አዋጅን እንደሚያነብ ሁሉ የሐዲድ ንድፍንም ማንበብ ይገባዋል።