የመሬት ሂስትሪ፦ ከላንጋኖ እስከ ጅማ

እኛ ሐኪሞች በሽተኛ ፊታችን ሲቀመጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው ያለፈውን ነው። «ከዚህ በፊት እንዲህ አሞህ ያውቃል? መቼ?» እንላለን። ሂስትሪ በደንብ ካልተወሰደ ላቦራቶሪ ብቻውን የትም አያደርስም። የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋትን የሚመዝኑ ባለሙያዎች ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መመዝገቢያ መሣሪያ የትናንት ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን የሚያውቀው ያየና የጻፈ ሰው ነው።

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የውቅያኖሱ ወለል ከአህጉሩ ሥር እየገባ ነው። እዚያ የደረሰው የመጨረሻው ታላቅ መንቀጥቀጥ ጊዜው የታወቀው በባሕሩ ዳር ቆመው በደረቁ ዛፎችና በጃፓን መዛግብት ነው። ጃፓኖቹ በጃንዋሪ 1700 እ.ኤ.አ. መንቀጥቀጥ ሳይሰማቸው ማዕበል መጣባቸው፤ ግራ ቢገባቸውም ጻፉት። ዛሬ የዚያ ዳርቻ ስጋት ሲሰላ ያ ጽሑፍ አብሮ ይቆጠራል።

የእኛ አገር ነገር ሌላ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ መሬቱ ግራና ቀኝ ይላቀቃል። የአገራችንን ሂስትሪ ከወሰዱት ዋነኛው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን ናቸው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን መሠረቱ። ዜና መዋዕልና የተጓዦች ማስታወሻ አገላብጠው የደረሱበትንም በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጡ።

የምናውቀው ዝርዝር ቀላል አይደለም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው አዲስ አበባን አናወጠ። በ1953 የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ፤ በመጋቢት 1961 የአፋሯ ሰርዶ ወደመች። የካቲት 7 ቀን 2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ 6.0 የተለካው ደግሞ የቅርብ ትዝታችን ነው።

ጅማስ? ከሸለቆው በስተምዕራብ ስለሆንን «እኛ ጋ ምን አለ?» ማለት ይቀናናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ግን ከግቤ ማዶ፣ ሆሳዕና አካባቢ የተነሣ መካከለኛ መንቀጥቀጥ ጅማ ድረስ ተሰማ። ተማሪዎች ደንግጠው ከሕንፃ ለመውጣት ሲጋፉና ሲዘሉ ተጎዱ። እንደ ሐኪም ይህን ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል፤ ግድግዳ ሳይወድቅም ሰው ይሰበራል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ጭንቅላቱን ሸፍኖ፣ ከመስኮት ርቆ እስኪያልፍ መጠበቅ አለበት። ሊፍት የለም፣ መዝለል የለም። ይህን በዓመት አንዴ መለማመድ ስንት ያስወጣል?

ዩኒቨርሲቲያችን ያስተማረን ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ መጠየቅን ነው። በተማሪነታችን በቾ ቦሬ ቤት ለቤት እየዞርን ስለ ውኃው፣ ስለ መጸዳጃው፣ ስለ ክትባቱ ጠይቀናል። ስለ መሬቱ አልጠየቅንም እንጂ «አያቴ እንዲህ ብለው ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም ነበር።

ስለዚህ በዚያን ዕለት ጅማ የነበራችሁ እኅት ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ጻፉት። የት ነበራችሁ? ስንተኛ ፎቅ? ምን ወደቀ? ማን ተጎዳ፣ እንዴት? መምህራኖቻችንም የአሁኖቹን ተማሪዎች ለመስክ ሥራ ስትልኩ ይህችን ጥያቄ በቅጹ ላይ ጨምሩልን። እዚያ ከተማ ፎቁ በየዓመቱ እየጨመረ ነው፤ የሚሠራው መሐንዲስም፣ ተረኛው ሐኪምም ሂስትሪውን ማግኘት አለባቸው።