አቤቱታው ከካምባ ቢነሣ

ኅዳር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአገራችን የክስ ታሪክ ያልተለመደ በር ከፍቷል። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 33 እንደተደነገገው፣ በክርክሩ ነገር ላይ ጥቅም ወይም መብት የሌለውን ሰው በከሳሽነት አይቀበልም። የ1995ቱ አዋጅ አንቀጽ 11 ይህን ግዴታ ያነሣል። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳዩ በግል እንደሚነካው ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል አካል ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ መብቱ ነው።

ይህ መብት ለአዲስ አበባ ጠበቃ ብቻ አልተሰጠም። ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ፣ በጋሞ ተራሮች ውስጥ ያለው የካምባ ገበሬም እኩል ባለመብት ነው። ለእርሱ ደግሞ ነገሩ የሩቅ አይደለም። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ገጠር የእጅ ባትሪው፣ ራዲዮኑ፣ የሶላር መብራቱና ሞባይሉ የየቤቱ ዕቃዎች ናቸው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከጓሮ ይጣላል፤ ልጆች ያገኙትና በድንጋይ ቀጥቅጠው ጥቁሩን ዱቄት ያወጡታል። የሞባይል ጠጋኙ ካውያውን አግሎ ሊዱን ሲያቀልጥ ጭሱ ወደ ፊቱ ይወጣል። የተለመደው የብየዳ ሊድ 60 በመቶ ቆርቆሮና 40 በመቶ እርሳስ ነው። እርሳስ ደግሞ የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ ሕክምናው ከተስማማበት ብዙ ዘመን አልፏል። በጠባብ ሱቅ ውስጥ አባቱ ሲሠራ እግሩ ሥር የሚጫወተውን ልጅ ያየ ሰው፣ ሕጉ «ሊጎዳ የሚችል» ያለው ምን እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

አፍሪካ በዚህ ጉዳይ የነቃችው በመራራ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በናይጄሪያዋ የኮኮ ወደብ በሺህ የሚቆጠሩ የመርዝ በርሜሎች በአንድ ሰው ግቢ ተከማችተው ተገኙ። ከጣሊያን የመጡ ነበሩ፤ የግቢው ባለቤት የሚከፈለው ኪራይ በወር 100 ዶላር ገደማ ነበር። ከዝቃጩ መካከል ፒሲቢ ይገኝበታል፤ ይህ ለትራንስፎርመርና ለካፓሲተር ተሠርቶ ኋላ በዓለም ዙሪያ የተከለከለ ኬሚካል ነው። ናይጄሪያ በዚያው ዓመት አድራጊዎችን በዕድሜ ልክ እስራት የሚቀጣ ሕግ አወጣች። በተከታዩ ዓመት የባዝል፣ በ1991 ደግሞ የባማኮ ስምምነት ተፈረመ። ባማኮ የአፍሪካውያን የራሳቸው ነው፤ አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ በጥቅሉ ይከለክላል። ኢትዮጵያ የሁለቱም አባል ናት። እኔ ግን እነዚህን ሰነዶች ሳነብ አንድ ክፍተት ይታየኛል። ሁሉም ዕቃውን የሚይዙት ቆሻሻ ከሆነ በኋላ ነው፤ ካምባ ገበያ የሚደርሰው ዕቃ ግን አዲስ ሆኖ፣ በማሸጊያው ውስጥ ነው የሚገባው።

ሌሎች አገሮች ዕቃውን ገና በአዲስነቱ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ፣ የገና ገበያ በደራበት ወቅት፣ የኔዘርላንድ ባለሥልጣናት 1.3 ሚሊዮን የሚሆኑ የሶኒ ፕሌይስቴሽን ካርቶኖችን አገዱ። ምክንያቱ በአንዳንድ የማገናኛ ገመዶች ውስጥ የተገኘው ካድሚየም ከአገሪቱ ሕግ ወሰን በላይ መሆኑ ነበር። ገመዱን ለሶኒ የሠራው ሌላ አቅራቢ ነው፤ ኪሳራው ግን የሶኒ ሆነ፣ ኩባንያውም የአቅራቢዎቹን ምርት መመርመር ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2006 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሮኒክስ ውስጥ እርሳስን፣ ሜርኩሪን፣ ካድሚየምንና እሳት ለመከላከል በፕላስቲክ ውስጥ የሚጨመሩ ሁለት የብሮሚን ውህዶችን ጨምሮ ስድስት ነገሮችን ገደበ። ለእርሳስ የተፈቀደው በአንድ ዓይነት ቁስ ክብደት 0.1 በመቶ ብቻ ነው። ከላይ ያልነው ሊድ 40 በመቶው እርሳስ መሆኑን አንባቢ ያስተያይ።

የካሊፎርኒያው ታሪክ ለእኛ የበለጠ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1986 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው «ፕሮፖዚሽን 65» የተባለው የጎጂ ኬሚካሎች ሕግ፣ እንደኛው አንቀጽ 11 ሁሉ፣ ማንኛውም ሰው ለሕዝብ ጥቅም እንዲከስ ይፈቅዳል፤ ከሳሹ አስቀድሞ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ግሪንፒስ አዲሱን አይፎን አስፈትቶ በቤተ ሙከራ አስመረመረ። በውስጡ ብሮሚን፣ በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ሽፋን ደግሞ ፋታሌት የተባለ ማለስለሻ ተገኘ። ወዲያው የአካባቢ ጤና ማዕከል የተባለው የኦክላንድ ድርጅት ለአፕል የክስ ማስጠንቀቂያ ላከ። በሥነ ሥርዓቱ በኩል የካሊፎርኒያው ነዋሪ ከካምባው የተለየ መብት አልነበረውም። የተለየው ሁለት ነገር ነበረው፤ መንግሥት በስም ዘርዝሮ ያወጣው የጎጂ ኬሚካሎች መዝገብ፣ እንዲሁም ዕቃውን ፈትቶ የሚመረምር ቤተ ሙከራ።

በእኛ አገር አንቀጽ 11ን ይዞ ወደ ችሎት የወጣው ስመ ጥር ክስ በ1990ዎቹ መጨረሻ የቀረበው ነው። አፓፕ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የባለሙያዎች ማኅበር፣ በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ላይ ፋብሪካዎች የሚለቁትን ብክለት አላስቆመም ሲል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሰሰ። ክሱ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። የሚያሳዝነው፣ ተከሳሹ መሥሪያ ቤት ራሱ የአዋጁ አርቃቂ ነበር፤ ይመሩት የነበሩትም በዓለም መድረክ ለአፍሪካ ገበሬ መብት የተሟገቱት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ናቸው። ክሱ መውደቁ መብቱን አልሻረውም። ከሳሹ ግን ተከሳሹን በጥንቃቄ መምረጥ እንዳለበት አሳይቷል፤ ተቆጣጣሪውን ከመክሰስ በካዩን ራሱን መክሰስ የቀለለ መንገድ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ መብራት ኃይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞቹ አደለ። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ በጎ እርምጃ ነበር። በእያንዳንዱ አምፖል ውስጥ ግን ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለ፤ ሲሰበርም የሚሄደው ከሌላው ጥራጊ ጋር ነው። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425 እና የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090 የወጡት በ2010 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ከስማቸው እንደሚታየው ግን የሚነሡት ከቆሻሻው ነው።

በጋሞ ባህል በደል ሲፈጸም ሽማግሌዎች ዱቡሻ በተባለው ሸንጎ ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ። ዱቡሻ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስታርቃል። በዳዩ ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ ሲሆን ግን የሚጠራ ሰው የለም፤ ባለሱቁም ስለሸጠው ዕቃ ይዘት ቢጠየቅ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሌላ አያውቅም። ስለዚህ የካምባ አቤቱታ በስሜት ሳይሆን በናሙና መጀመር አለበት። ከገበያው የተገዛ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ከጠጋኙ ሱቅ የተወሰደ የሊድ ቁራጭ፣ ሁሉም ከነደረሰኛቸው፣ ለኬሚስትሪ መምህራን ይቅረቡ፤ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ዞን ውስጥ ነው። አዋጁ «ሊጎዳ የሚችል» ስላለ የታመመ ልጅ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። አቤቱታውም በ2015 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት ይገባል፤ ሐዋሳ ድረስ መሄድ ቀርቷል። በተከሳሽነት የሚጠቀሰው ባለሱቁ ወይም ጠጋኙ መሆን የለበትም፤ እነርሱ ከተጎጂዎቹ ወገን ናቸው። መጠቀስ ያለበት በንግድ መዝገብ ስሙና አድራሻው የሚገኘው አስመጪ ነው።